የራዶሚር ዓሣ

ሞራግ ሰርቢያ ውስጥ ካለችው ፒሮት ከተማ ከገባች ሦስት ወር አልፏታል፤ እስካሁን ግን የማንንም ቤት ደጃፍ አልረገጠችም። ከስኮትላንድ ስትነሳ "ሰርቦች እንግዳ ይወዳሉ" ብለው ነበር የሸኟት። "የሚወዱት ሌላ እንግዳ መሆን አለበት" ትላለች አሁን ለብቻዋ።

ሥራው እንኳ ክፉ አልነበረም። በከተማው ትንሽ የቋንቋ ትምህርት ቤት ጎልማሶችን እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አየር እንዲገባ መስኮት ስትከፍት አንዱ ተነስቶ "መምህርት፣ ነፋስ ሊገድለን ነው!" እያለ ይዘጋዋል። ይህንንስ ትችለዋለች። አላስችል ያላት ዝክሩ ነው። እያንዳንዱ ቤት የሚዘክረው ጠባቂ ቅዱስ አለው፤ መኸር ከገባ ወዲህ የክፍሏ ግማሽ አንድ ቀን እነ እገሌ ቤት፣ ሌላ ቀን እነ እገሊት ቤት ነው። በማግስቱ ማን እንደዘፈነ፣ ማን ጠጥቶ እንዳለቀሰ ሲያወሩ ትሰማለች። እሷን "ነይ" ያላት የለም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ደግሞ ባሰ። ከታች የሚኖሩት አከራይዋ እትዬ ዴሳንካ ዝክር ነበረባቸው። ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ብርጭቆ ሲጋጭ፣ ሳቅ ሲፈነዳ፣ ሞራግ ፎቅ ላይ መጋረጃዋን ዘግታ፣ ኮቴዋ እንዳይሰማ በካልሲ ስትራመድ ዋለች። ሳትጠራ ቀርታ ቤት መቀመጧ መታወቁ ራሱ ውርደት መሰላት። ከዚያ ቀን ወዲህ እትዬ ዴሳንካ ሰላምታቸው አጠረ። ምን እንዳጠፋች የሚነግራት ጠፋ።

ስለዚህ ቆረጠች። ለገና አገሯ ትገባለች፤ አትመለስም። ዓርብ ዕለት ለዳይሬክተሯ ትነግራለች።

ሐሙስ ከሰዓት፣ በጎን ባለው ክፍል ጀርመንኛ የሚያስተምረው ራዶሚር ኮሪደር ላይ አገኛት። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

"ነገ የቤቴ ጠባቂ የቅዱስ ኒኮላ ዝክር ነው!"

"እንኳን አደረሰህ።"

"ዓሣ አለ። ባለቤቴ ቬሪሳቫ ዓሣ ስትሠራ እኮ ጣትሽን ነው የምትቆረጥሚው።"

"እሰይ።"

"በሩ ከቀትር ጀምሮ ክፍት ነው። ከገበያው ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። ታውቂዋለሽ አይደል?"

"አውቀዋለሁ።"

ራዶሚር ትንሽ ቆመ፣ አንገቱን አከከ፣ ሄደ። ሞራግ በጀርባው አፈጠጠችበት። "ደግሞ ሊያስጎመጀኝ!"

ዓርብ ክፍሉ ባዶ ነበር። ዳይሬክተሯ እንኳ የለችም፤ ሥራ ለቀቅኩ ብትል የሚሰማት ሰው ጠፋ። ሞራግ እየተነጫነጨች ቤቷ ስትደርስ እትዬ ዴሳንካ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ አንድ ጠርሙስ የራኪያ አረቄ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሲወጡ ደጃፍ ላይ ተገጣጠሙ።

"አንቺ፣ ራዶሚር ቤት አልሄድሽም?"

"አልጠራኝም።"

"ምን?"

"አልጠራኝም! እርስዎም አልጠሩኝም! ይህ ከተማ በሙሉ አልጠራኝም!"

እትዬ ዴሳንካ ጠርሙሱን ደረጃው ላይ አስቀመጡት። "የሚጠራ ለሠርግ ነው፣ ልጄ። ለዝክር ማን ይጠራል? በሩ ይከፈታል፣ የወደደሽ ይመጣል። እኔ ወንበር ይዤልሽ ዋልኩ! 'እንግሊዟ የት አለች?' ሲሉኝ 'አሟታል' ብዬ ዋሸሁ፤ በቅዱስ ሚካኤል ፊት፣ ሻማው እየበራ!"

"ስኮትላንዳዊት ነኝ።"

"እሱን ተይው አሁን!"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ምኑን ነው የምነግርሽ? በአፍንጫሽ ተንፍሺ ብዬ ነግሬሻለሁ?"

ሦስት ወር ሙሉ ያመቀችው ንዴት ገነፈለ። ቢያንስ አሁን የምትናደድበት ሰው አድራሻ ታውቃለች፤ አረንጓዴው በር ነው። ወደዚያው ሲሄዱ፣ ዳይሬክተሯን ፈልጋ ያጣቻት ሥራ ለመልቀቅ እንደሆነ ሳይቀር ለእትዬ ዴሳንካ ዘረገፈችላቸው።

ቬሪሳቫ በር ላይ እንደ ወጉ አንድ ማንኪያ ጣፋጭ የስንዴ ንፍሮ አጎረሰቻት። ገና ሳትውጠው ራዶሚር ከማዶ ጮኸ፦

"ዓሣው እኮ ቀዘቀዘ!"

"ብትጠራኝ ትኩሱን እበላ ነበር!"

እንግዳው ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ።

"ሰዎች፣ ፍረዱኝ" አለ ራዶሚር እጁን ዘርግቶ። "ዓሣ አለ አልኳት። በሩ ክፍት ነው አልኳት። የበሩን ቀለም ነገርኳት! ከዚህ ወዲያ ተሸክሜ ላምጣት?"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሞራግ ግን አልሳቀችም፤ ተቀምጣ ዓሣውን በቁጣ ትበላ ጀመር። የረገመችው ነገር ቢኖር መጣፈጡ ነው። ከጠረጴዛው ጥግ ዳይሬክተሯ አንገቷን አሰገገች።

"ሞራግ፣ ስትፈልጊኝ ነበር አሉ?"

እትዬ ዴሳንካ ሹካቸውን አቁመው አዩዋት። ሞራግ አንድ እሾህ ከአፏ አወጣች፣ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረች።

"ስለ መስኮቱ ነው" አለች። "የክፍሌ መስኮት ይከፈት።"

"እሱስ አይሆንም!" አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ።

ሲመለሱ እትዬ ዴሳንካ ክንዷን ይዘው መጡና፣ ደጃፋቸው ሲደርሱ ቆም አሉ።

"የእኔ ሚካኤል የሚመጣው ዓመት ኅዳር ነው። እንደማልጠራሽ ከወዲሁ ልንገርሽ።"

"ወንበሬን መስኮቱ አጠገብ ያድርጉልኝ" አለች ሞራግ፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድላት።