በጠርዙ ያዝ

አጎቴን የምናውቅ ሁሉ «በጠርዙ ያዝ!» የምትለውን ጩኸታቸውን እናውቃለን። የየአገሩን ሳንቲም ይሰበስቡ ነበርና፣ የሳንቲም ፊት በጣት ሲነካ ሰማይ የተደፋባቸው ይመስላቸው ነበር። የሻይ ብርጭቆ ስናነሳ እንኳ ይገላምጡን ነበር።

አንድ እሁድ ቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ ሰፈር ባለው ቤታቸው ሰብሳቢ ጓደኞቻቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ሳምቡሳ በበላሁበት እጄ የሚሳሱላትን ጠገራ ብር ፊቷን ጨብጬ አነሳሁ። ቶሮንቶ በሙሉ ትንፋሿን የዋጠች መሰለኝ። ደንግጬ በሸሚዜ ልጠርጋት ስል አጎቴ እጄን ለቀም አደረጉ።

«ተው! ከጠረግሃት ‹የታጠበች› ተብላ ቀረች!»

በሰብሳቢዎች ቋንቋ «የታጠበች» ማለት ዋጋዋን ያጣች፣ የሞተች ማለት ነው።

«ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?»

«አንተን ማጠብ ነበር የሚሻለው!»

ማንም አልሳቀም። በኋላ ስለ ብሯ ስጠይቃቸው «ሸጥኳት» አሉኝ፤ ለዓመታት ሲያሳፍረኝ ኖረ።

ከቀብራቸው በኋላ ሣጥናቸውን እየፈራሁ ከፈትኩ። ጠገራዋ አለች፤ ፊቷ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ ጠቁሮ ቀርቷል። ማቀፊያ ወረቀቷ ላይ በእጃቸው «የልጄ አሻራ፤ አይሸጥም» ብለው ጽፈዋል።

ጩኸታቸውን ብሰማ ብዬ ጣቴን ወደ ፊቷ ዘረጋሁ። ቤቱ ዝም አለ። በጠርዟ ይዤ መለስኳት።