እግሬን የቀበርኩበት ቦይ

ዛሬ ማለዳ ጎረቤቴ ሞተሩን አስነስቶ ማሳውን ሲያጠጣ፣ የደረቀ አፈር ውሃ ሲነካው የሚሰጠው ያ ሽታ በመስኮት ገባ። የልጅ ልጄ ሰሚራ ለትምህርት ቤት ንግግሯ መስታወት ፊት ስትለማመድ የመጀመሪያውን ቃል ደጋግማ ስትጀምረው እያየሁ፣ ሳላስበው ድሮ ሮቢ ወንዝ ዳር ከነበረው ቦይ ውስጥ ቆሜ ተገኘሁ።

ያኔ ውሃ በተራ ነበር። ውሃውን የሚያካፍሉት፣ የውሃ አባት የምንላቸው ሽማግሌ ቦዩ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ይቀመጣሉ፤ ተራ ከደረሰው ቤት አንድ ሰው በባዶ እግሩ ደረቁ ቦይ ውስጥ ወርዶ፣ በሁሉም ፊት "ተራው የኔ ነው" ካላለ ውሃው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተራችን በደረሰ ቀን አባቴን ወባ ጥሎት ያቃዠዋል፣ እናቴ ከራስጌው መነሳት አልቻለችም፣ ሽንኩርታችን ደግሞ ጫፉ ቢጫ ሆኖ አንገቱን ደፍቷል። የተላክሁት እኔ ነኝ፣ ጥርሴን ነቅዬ ያልጨረስኩ ልጅ።

ቦዩ ውስጥ ስወርድ ያዩኝ ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ፣ ከወንዙ ውሃ ሊቀዱ የሚያልፉ መስለው ጠጋ አሉና፣ "ቢስሚላህ በይና እግርሽን የቦዩ አሸዋ ውስጥ ቅበሪ፤ የተቀበረ እግር ሲንቀጠቀጥ ማንም አያይም" አሉኝ። ጣቶቼን ወደ ታች ገፋሁ። ላዩ እንደ ፍም ይፋጃል፣ ውስጡ ግን እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ያ ቅዝቃዜ ደረቴ ድረስ የወጣ መሰለኝ፣ የሰዉም ፊት በሙቀቱ ውስጥ ከሩቅ የሚዋልል ጥላ ሆነ።

"ቤቱ ሰው አጥቶ ነው ድንቢጥ የላከው?" አለ ከእኛ ቀጥሎ ተረኛ የነበረው ሰውዬ።

"ተራው የኛ ነው! አባቴ ተኝቷል፣ ሽንኩርቱ ግን አልተኛም!" አልኩ፤ ድምፄ ከጉሮሮዬ ሳይሆን ከአሸዋው የወጣ ይመስል ነበር።

ሰዉ ሳቀ። የውሃ አባት ግን ሳይስቁ፣ "ቦይ የገባ ሁሉ ሰው ነው፤ ክፈቱላት" አሉ። ውሃው ገለባና ቅጠል እየገፋ መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ሲያቅፈው፣ እግሬን ማውጣት እንኳ አላሰኘኝም።

ይህንን ለሰሚራ ብነግራት ሳቀች። "እማማ፣ የአዳራሹ ወለል እኮ ሴራሚክ ነው!"

እውነቷን ነው። ቦዩም ዛሬ ሲሚንቶ ነው። ሞተር ያለው በፈለገው ሰዓት ይስባል፣ የሌለው አጥሩ ጥግ ቆሞ የሌላውን አፈር ያሸታል፤ ተራው የኔ ነው ቢልስ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ማን ይሰማዋል?

"እንግዲያው ጣቶችሽን ጫማሽ ውስጥ ጨብጫቸው" አልኳት። ከዚያ ቦይ የቀረን ይህ ዘዴ ብቻ ነው።