የዘይነባ ሳምቡሳና የኔ ጣውላ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴም ሳትሰማው ሞተች። ለአንተ፣ ለማታውቀኝ፣ ልናገር፤ ብትጸየፈኝ አልፈርድብህም።

በደርግ ጊዜ ደሴ ሰኞ ገበያ አናጢ ነበርኩ። አንድ የኮምቦልቻ ምግብ ቤት ባለቤት ባንኮኒና ሳምቡሳ የሚደረደርበት ባለመስታወት ሣጥን አዘዘኝ። ሁሉንም በዋንዛ እሠራዋለሁ አልኩ። ፊቱን በዋንዛ ሠራሁት፤ ለውስጡ ጣውላ አጣሁ። ከአንድ መጋዘን ጓሮ የተባይ መድኃኒት የመጣበትን የሣጥን ሣንቃ ለቃቅሜ አመጣሁ። የራስ ቅል ሥዕል ነበረበት። እኔ ነኝ በመላጊያ የፋቅሁት። ሽታውን በቫርኒሽ የሸፈንኩትም እኔው ነኝ። አላወቅሁም ነበር ልበል? አፍንጫዬን በጨርቅ አስሬ የሠራሁት ታዲያ ለምን ነበር?

ሣጥኑ በተገጠመ በሳምንቱ ከዚያ የበሉ የፋብሪካ ሠራተኞች ያስመልሳቸው ጀመር። ሳምቡሳውን የምትሠራው ዘይነባ የምትባል ሴት ነበረች። ቀበሌው «አሻጥር ነው» ብሎ ያዛት። እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

«እዚያ ስትሠራ ሰንብተሃል። ምን አየህ?» አለኝ ሊቀ መንበሩ።

ዘይነባ ዞር ብላ አየችኝ። «ወንድሜ፣ አንተ ታውቃለህ። ወላሂ እጄን ሳልታጠብ ሊጥ አልነካም!»

ባንኮኒውን ስገጥም ሦስት ቀን ሙሉ ከእጇ በልቻለሁ። እንደ እሷ ንጹሕ ሴት አላየሁም።

«ሳትታጠብ አይቻታለሁ» አልኩ።

ታሰረች። እኔ ደግሞ መስታወቱን ላጠብቅ ብዬ ኮምቦልቻ ወርጄ የውስጡን ጣውላ በሙሉ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲያ የታመመ ሰው የለም። ሰዉም «አያችሁ? እሷ ስትሄድ ቀረ» አለ። ቆሻሻነቴ እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቴን ሳርም ጥፋቱን በእሷ ላይ አጸናሁት። ባለቤቱ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

ከወራት በኋላ ተፈታች፤ የሚቀጥራት ግን ጠፋ። ኩታበር ዘመዶቿ ዘንድ ገባች። አንድ ሰኞ በርበሬ ልትሸጥ መጥታ ገበያው መሃል ተገናኘን። መሸሸጊያ አጣሁ።

«ደህና ነህ ወይ? ልጆች ደህና ናቸው?» አለችኝ።

በርበሬዋን እያየሁ «ደህና ነን» አልኩ።

«ሰው ተሳስቶ ያያል። እኔ አውፍ ብየሃለሁ» አለች።

አመስግኛት ሄድኩ። አዎ፣ አመስግኛት ሄድኩ! በሕይወት ሳለች ብነግራት ምን ነበረበት? አሁን እሷም የለችም።

እሷ ይቅር ያለችው ተሳስቶ ያየ ሰውን ነው። እኔ አልተሳሳትኩም።