የጫካ ቡና ምልክት ያልነበረው ካርታ

ሚዛን ከተማ በሚገኝ የሬዲዮ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። ዋና አዘጋጁ ጋሽ ወርቁ መቅረጫና ሁለት ባትሪ ሰጥተውኝ ቴፒ ወደሚደረግ የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር ስብሰባ ላኩኝ።

«ማኅበር ማለት ምሳ ነው» አሉኝ። «ምን እንደወሰኑ ጠይቂ። ምንም ካልወሰኑ ምን እንደበሉ ጠይቂ።»

ይህንኑ ጥርጣሬ ይዤ ሄድኩ። ምሳ አልነበረም። መምህራኑ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ተማሪዎቻቸው የሣሉትን ካርታ እየተቀያየሩ ያርሙ ነበር። ሊቀ መንበሩ መምህር ታምራት የሰሜን ቀስት የሌለበትን ካርታ ሁሉ ወደ ጎን ይጥሉታል። «ሰሜኑን ካላወቀ ቤቱን በምን ላገኝለት ነው?» ይላሉ። ጸሐፊዋ መምህርት ራህማ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች።

የማኅበሩ ሥራ ይህ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ስለ ሩቅ ወንዞች ያስተምራል፤ መምህራኑ ተማሪው የራሱን ቀበሌም እንዲያውቅ ይፈልጋሉ። ተማሪዎቹ በእርምጃና በገመድ ይለካሉ፣ በኮምፓስ አቅጣጫ ይይዛሉ፣ ከዚያ ይሥላሉ። ካርታው በየትምህርት ቤቱ በአንድ ዓይነት እንዲነበብ ማኅበሩ መፍቻውን፣ ማለትም የምልክቶቹን ዝርዝር፣ አጽድቆ ይልካል። ጥሩ ሆኖ የተገኘው ካርታ የማኅበሩ ማኅተም ይመታበታል።

ዜናውን ሠራሁ። ጋሽ ወርቁ ከአራት ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ቆረጡት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አቶ ሻወኖ የሚባሉ ገበሬ ከጌጫ በኩል ተነሥተው ቢሯችን መጡ። በፌስታል የጠቀለሉትን የካርታ ኮፒ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። አንድ ድርጅት ለቡና ልማት መሬት ጠይቋል። የጠየቀው እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ከአባቶቻቸው ጀምሮ ቡና የሚለቅሙበትን ጫካ ነው። ጉዳዩን የያዘው ጽሕፈት ቤት ግን «ተጠቃሚ የሌለው ደን ነው» ብሏቸዋል። ማስረጃው ይኸው ካርታ ነው። ተቃውሞ ለማስገባት አሥር ቀን ቀርቷቸዋል።

«እዪው» አሉ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳርፈው። «ዛፍ፣ ዛፍ፣ ዛፍ። ቡናው የት ሄደ? ቀፎው የት ሄደ? ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የላክነው ከመሬታችን እንዲሰርዙን ነው?»

ካርታው ተማሪዎች የሣሉት ነው፤ ከግርጌው የመምህራኑ ማኅበር ማኅተም ነበር።

በዚያው ሰሞን መምህር ታምራት ከድርጅቱ መኪና ሲወርዱ ታይተዋል ተብሎ ይወራ ነበር። ደወልኩላቸው።

«ዝናብ ነበር፤ ሊፍት ሰጡኝ» አሉ። ስለ ካርታው ስጠይቃቸው «ማኅበሩን ጠይቂ» ብለው ዘጉት። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እሳቸው ናቸው። ጥርጣሬዬ በረታ።

«ሰውዬው ሸጦናል» አሉ አቶ ሻወኖ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሁለተኛ ምንጭ።»

«ሁለት እግር ይዤ መጥቻለሁ፤ አይበቃሽም?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ደስታ አልነበረበትም።

የመምህርት ራህማ ቤተሰቦች ከጅማ በኩል መጥተው ቴፒ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። እዚያው ሱቅ አገኘኋት።

«ስማችንን ልታጠፊ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

«ቃለ ጉባኤውን ላነብ ነው።»

«ጋዜጠኛ መቼ ሌላ ብሎ ያውቃል!»

እንዲህ ብትልም የማኅበሩን ቁምሳጥን ቁልፍ አንሥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ።

መዝገቡ ላይ የሚከተለው ተጽፏል። ከጌጫ የመጣች አንዲት መምህርት የጫካ ቡና በየትኛው ምልክት እንደሚሣል ጠይቃለች። በትልልቅ ዛፎች ሥር በራሱ የበቀለ ስለሆነ የእርሻ ምልክት አይስማማውም፤ ሥሩን እየመነጠረ የሚለቅመው ባለቤት ግን አለው። ውሳኔ፦ በመጽሐፉ የሌለ ምልክት አይጨመርም፤ የደን ምልክት ይበቃል። በሙሉ ድምፅ።

«እኔም እጄን አውጥቻለሁ» አለች ራህማ ወደ መዝገቡ ሳታይ።

የስብሰባው ቀን እንደሚያሳየው ስህተቱ ድርጅቱ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። እኔ ግን ካርታውን ለድርጅቱ ማን አሳልፎ እንደሰጠ ማወቅ ፈለግኩ። የደብዳቤ ፋይሉን አስከፈትኳት። ድርጅቱ ለጥናት ብሎ ኮፒ ጠይቋል፤ በጥያቄው ላይ «ይሰጥ» የሚል የመምህር ታምራት ፊርማ አለ።

በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ፊርማቸውን አሳየኋቸው።

«ስንት ዓመት ሳስተምር ጂኦግራፊ ፈልጎ ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «ደስ አለኝ፤ ፈረምኩ።»

«በምላሹስ ምን አገኙ?»

«ሊፍት። እሱም መንገድ ላይ ጎማው ፈነዳ።»

እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም። ተቃራኒ ማስረጃ ስላላገኘሁ ግን አልጻፍኩባቸውም።

ማኅበሩ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። አንድ መምህር «ከካርታው ላይ ማኅተማችንን በገዛ እጃችን ካነሣን ነገ ማን ያምነናል?» ብሎ ተከራከረ።

«ዛሬስ ማን አምኖን ነው?» አለች ራህማ። «ያመነን ድርጅቱ ብቻ ነው።»

ማኅተሙ እንዲነሣ፣ መፍቻው የጫካ ቡና ምልክት እንዲጨመርበትና ቦታው እንደገና እንዲለካ የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት መምህር ታምራት ራሳቸው ናቸው። ሁለት መምህራን ገመድ፣ እሳቸው ኮምፓስ፣ እኔ መቅረጫዬን ይዘን ጫካ ገባን። አቶ ሻወኖ ከፊት ሆነው የማን ይዞታ ከየትኛው ጅረት እንደሚጀምር፣ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የማን እንደሆነ በስም እየጠሩ አሳዩን። መምህር ታምራትን የዛፍ ሥር አደናቀፋቸውና ቡናው ላይ ወደቁ።

«ቀስ ይበሉ መምህር» አሉ አቶ ሻወኖ። «ባዶ ደን ነው፤ ደግፎ የሚይዝዎት ሰው የለም።»

ተቃውሞው አዲሱን ካርታና የማኅበሩን ደብዳቤ ይዞ ቀኑ ሳያልፍ ገባ። ጽሕፈት ቤቱ የእነ አቶ ሻወኖን ጫካ ከድርጅቱ ጥያቄ አወጣ። ዜናውን አስተላለፍን። አቶ ሻወኖም ደውለው «ጫካችን ሰው አበቀለ» አሉኝ።

ከወራት በኋላ ለሌላ ሥራ በሌላ ቀበሌ ሳልፍ አዲስ የሽቦ አጥር አየሁ። አጥሩ ሥር የቆሙ ሴቶች ቦታው ቡና ይለቅሙበት የነበረ እንደሆነ፣ ግን ተጠቃሚ እንደሌለው ካርታው ያሳያል እንደተባሉ ነገሩኝ። የከለለው ያው ድርጅት ነው። እዚያው ቆሜ ራህማ ጋ ደወልኩ።

«የሰጣችሁት ካርታ ስንት ነበር?»

«ሦስት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን እንደፈረመ ነው የጠየቅሽኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኛም አቤት ብሎ የመጣውን ሰው ብቻ ነው ያረምንለት።»

ማኅበሩ ለሦስተኛው ቀበሌ በጊዜ ደረሰ። የታጠረው ግን እንደታጠረ ነው።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። አንድ የተሳሳተ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ማን እንደፈረመው ጠይቁ። በዚያው ቀን፣ ከዚያው መዝገብ፣ ስንት እንደወጣና ለየትኞቹ ቦታዎች እንደሆነም ጠይቁ።