ለተዋናይ ዋስ የሆንኩ ዕለት

ንፋስ መውጫ ላይ ቴሌቪዥንና ዲሽ እሸጣለሁ። አብሮ አደጌ ደግሞ እኔ በምሸጠው ሣጥን ውስጥ የሚኖር ሰው ነው።

ትወናን የጀመረው እዚሁ ትምህርት ቤታችን ነው። የድራማ ክበቡ አሮጊት የምትሆን ሴት ሲያጣ የእናቱን ነጠላ ተከናንቦ ወጣ። የገዛ አክስቱ ከተመልካች መሃል «እኒያ ሴትዮ የማን እናት ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ከዚያ አዲስ አበባ ገባ። በመድረክ ንጉሥ ሆነ፣ እብድ ሆነ፣ ቄስ ሆነ። በአንድ ቴአትር ሦስት ሰው ሆኖ ሲጫወት አይቼ ቲኬቱ ረከሰልኝ ብያለሁ። አገር ያወቀው ግን በተከታታይ ድራማ ነው፤ ሚስቱን ከነልጆቿ ጥሎ የሚጠፋ ባል ሆኖ።

አርባ ዓመት ሲጠጋ የአርብ ገበያ ከተማ ልጅ የሆነች መምህርት ወደደ። እሷም ወዳዋለች፤ «ያለ አባቴ ፈቃድ ግን አላገባም» አለችው። ሽማግሌ ሆነን የሄድነው ሦስት ነን፤ የነፍስ አባቱ፣ አጎቱና እኔ። ተቀመጡ ብንባልም እንደ ወጉ ቆመን ጉዳያችንን ተናገርን።

አባትየው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከኋላቸው ዳንቴል የለበሰ ቴሌቪዥን አለ። የሸጥኩላቸው እኔው ነኝ።

«ያ ሚስቱን የጣለው ነው?»

«አባቴ፣ ድራማ እኮ ነው» አልኩ።

«ድራማ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ሞኝ አደረግኸኝ እንዴ? ሲጥላት ግን አለቀሰ። እንደዚያ ማልቀስ የሚችል ሰው ነገ ልጄን በድሎ ፊቴ ቢያለቅስ፣ እውነቱን በምን እለየዋለሁ?»

አጎቱ «ልጃችን ከጥንትም ጨዋ ነው» አለ።

«እሱንም ሊጫወተው ይችላል።»

ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን። አብሮ አደጌ በየቀኑ ይደውላል።

«ምን አሉ?»

«እንባህ በዝቷል አሉ።»

«ይኼን ሁሉ ዓመት የለፋሁት ሰው እንዲያምነኝ ነበር» አለ።

«አመኑህ እኮ» አልኩት። አልሳቀም።

በቀጠሯችን ሄደን ቆምን። አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«ይኼን ቴሌቪዥን ስትሸጥልኝ፣ ቢበላሽ እኔ አለሁ ብለኸኛል።»

«ብያለሁ።»

«ተበላሸ። በጋቢ ጠቅልዬ በሚኒባስ አመጣሁት። ቀየርክልኝ።»

«ቀየርኩ» አልኩ። ደስ ብሎኝ እንዳልነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

«ለዚህ ሰውስ አለህ?»

ለዕቃ እንኳ ከስድስት ወር በላይ ዋስ ሆኜ አላውቅም። የነፍስ አባቱ አዩኝ፤ አጎቱም አየኝ። የመጣልኝ የእናቱ ቀብር ነው።

«አባቴ፣ እናቱ ሲቀበሩ አጠገቡ ነበርኩ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሲያነባ እሱ አንዲት ጠብታ አልወጣውም። የሰዉን ጫማ ሲያይ ዋለ። እውነት ሲሆንበት ማልቀስ አይችልም። ፊትዎ ካለቀሰ እየዋሸ ነውና ለእኔ ይደውሉ፤ እመጣለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«እስካለሁ።»



«በሉ አሁን ተቀመጡ» አሉን።

ከሠርጉ ወዲህ አዲስ ድራማ በተጀመረ ቁጥር ስልኬ ይጮኻል።

«አለቀሰ» ይሉኛል።

«ቤት ነው ወይስ ቴሌቪዥን ላይ?»

«ቴሌቪዥን ላይ።»

«እንግዲያው ደህና ነው፣ አባቴ።»

«እሱማ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን እያየ ነው» ይሉና ይዘጉታል።