ታንኳውን እያንኳኩ ይሂዱ

ባለፈው ዓመት፣ ባለቤቴ ባረፈች በአምስተኛው ወር የደረሰብኝ ነው። እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ይላል።

ቴፒ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትውልዴ ሆሳዕና ነው፤ ልጅ የለንም። የለቅሶው ድንኳን ሲነሳ ሰውም አብሮ ተነሳ። አልፈርድም፣ ሁሉም የራሱ ኑሮ አለው። ግን እሑድ እሑድ ቤት መቀመጥ አቃተኝ።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ ከከተማው ወረድ ብሎ ካለው ወንዝ ታንኳ ተዋስኩ። ቀዘፋ ድሮ ዓሣ ሳጠምድ ለምጄዋለሁ። ባለ ታንኳው ወደ ቤቱ እየተጣደፈ፣ "ጋሼ፣ ታንኳውን በመቅዘፊያው እያንኳኩ ይሂዱ። ጉማሬ ድንገት ሲደርሱባት ነው የምትከፋው" አለኝ።

እያንኳኳሁ ሄድኩ። ጉሬዛዎች ከዛፍ ዛፍ ይዘላሉ። አንድ ትልቅ አሞራ ዓሣ ይዞ ከውሃው ሲነሳ፣ "ተመልከቺ!" ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ማንም የለም። ከዚያ በኋላ ማንኳኳቱም አስጠላኝ፤ ዝም ብዬ ቀዘፍኩ።

ጥፋቴ እሱ ነው። መታጠፊያው ላይ ጉማሬ ከነግልገሏ ብቅ አለች። አፏን ስትከፍት፣ ወይ አምላኬ! እንዴት እንደቀዘፍኩ አላውቅም፤ ራሴን ቄጠማ ውስጥ አገኘሁት። ከኋላዬ ረግረግ ነው፣ ከፊቴ እሷ መውጫውን ዘግታለች። ስልኬ ኔትወርክ የለውም።

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተቀመጥኩ። ማን ይፈልገኛል? ሰኞ ሱቄ ቢዘጋ "አገሩ ገብቶ ይሆናል" ነው የሚሉት። ባለ ታንኳውም ቢፈልግ ታንኳውን ነው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ድንገት ከማዶ ኳ፣ ኳ፣ ኳ! አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በገጀራ ጀርባ ግንድ ይመታሉ።

"አለህ?" ብለው ጮኹ።

"አለሁ አባባ!"

"አትነቃነቅ! ሲመሽ ለሣር ትወጣለች። እኔም አልሄድም።"

እውነትም አልሄዱም። ዓይን ያዝ ሲያደርግ ጉማሬዋ ግልገሏን አስከትላ ወጣች። የሽማግሌውን ድምፅ እየተከተልኩ ተሻገርኩ። እጄን ይዘው ጎተቱኝ። የሸኮ ገበሬ ናቸው፤ ቡናቸው ወንዙ ዳር ነው።

"እንዴት አወቁ?" አልኳቸው።

"ቀትር ላይ ስታንኳኳ ሰማሁህ። ኋላ ድምፅህ ጠፋ፣ ታንኳውም አልተመለሰም። እኛ ጋ ሰው ሲያንኳኳ የሰማ፣ መመለሱን ሳያይ ቤቱ አይገባም።"

ዛሬም ብቻዬን ነኝ፤ ቤቱም ያው ባዶ ነው። ግን "ማን ይፈልገኛል" ማለት ትቻለሁ። ከግድግዳዬ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ጠዋት ጠዋት ሬዲዮናቸው ይጮሃል። ድሮ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ሳልሰማው ሱቄን አልከፍትም።

በቀደም ሬዲዮው ዝም አለ። ሮጬ በራቸውን ደበደብኩ።

"ባትሪ አልቆብኝ ነው እንጂ አልሞትኩም!" ብለው ሳቁብኝ። ቆይተው ግን ዓይናቸውን እንባ ሞላው።

"ለካ ይሰማሃል?" አሉኝ።