የሆዳን ግማሽ ኪኒን

ጂጂጋ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ላብራቶሪ ሥራ የጀመርኩት በ2010 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የሚባል ነገር አልሰጡኝም። የክፍሉ ኃላፊ አቶ ታምራት ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጡኝና፣ “ዝም ብለሽ እዪ” ብለውኝ ወጡ።

ያየሁት ሁሉ ሐምራዊ ነበር። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ነጭ የደም ሴል እዚህም እዚያም አንድ አንድ ነው የሚገኘው፤ በሌንሱ የሚታየውን መስክ የሚሞላው ቀዩ ነው። እዚህ ግን ማቅለሚያው ሐምራዊ ያደረገው ነጩ ሴል እንደ ገበያ ቀን ሰው ተጣቦ ቆሟል። አቶ ታምራት ሲመለሱ፣ “ቀለም በዝቶበት ስላይዱ ተበላሽቷል፤ ሌላ ልሥራ?” አልኳቸው።

“ስላይዱ ደህና ነው” አሉኝ። “ያልታደለው ሰውየው ነው።”

ሰውየው ከአውበሬ የመጣ ነጋዴ ነበር። ናሙናው አዲስ አበባ ሄዶ የበሽታው ስም እስኪመጣ ሰውየው አልቆየም። ፊቱን አይቼው አላውቅም፤ ደሙን ግን ዛሬም አንዳንዴ በሕልሜ አየዋለሁ። በሕልሜ ሐምራዊው ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፤ እኔም የት እንደሚሄድ ሳላውቅ እከተለዋለሁ።

በሽታው በዝግታ የሚሄድ የደም ካንሰር ነው። መቅኒ ነጭ ሴል መሥራት ይጀምርና ማቆም ያቅተዋል። ሰውየው ይከሳል፣ ተኝቶ ያልበዋል፣ ጣፊያው ያብጣል። በእኛ አገር ሆድ በግራ በኩል ሲነፋ በጋለ ብረት መተኮስ የቆየ ነገር ስለሆነ፣ ወደ እኛ የሚደርሱት ጎናቸው ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ይዘው ነው። በሽታው ብርቅ ነው። በዚያን ዘመን አንዱን ታማሚ አይተን ሌላው እስኪመጣ የመጀመሪያውን እንቀብር ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከካራማራ ተራራ በኩል አቧራውን እየነዳ ሲመጣ መስኮቱን እዘጋለሁ። ክፍሉ ይደበዝዛል። ሴል መቁጠር ቁጭ ብሎ እንደ ማንቀላፋት ነው፤ ጣት መቁጠሪያውን ይጫናል፣ ሐሳብ የፈለገበት ይዞራል። አያቴ ወታደር ሆነው ወደዚህ ከተማ የገቡበትን መንገድ፣ የልጅነት ሰፈሬን፣ ያልሄድኩባቸውን አገሮች ሁሉ እዚያ ሌንስ ላይ ሆኜ ዞሬያለሁ። አቶ ታምራት፣ “ከየት መጣሽ ዛሬ?” እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ሆዳን የመጣችው እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከሀርሺን የግመል ወተት አምጥታ ጂጂጋ የምትሸጥ ሴት ናት። ገበያ መሃል ወድቃ የወተት መኪናው ሾፌር አብዲ ተሸክሞ አመጣት። ደሟን ስላይድ ላይ ቀብቼ፣ አቅልሜ ሌንሱ ሥር ሳደርገው ያ ሐምራዊ ነገር እንደገና ፊቴ ቆመ።

በእሷ ጊዜ ግን ነገሩ ተለውጦ ነበር። የአዲስ አበባው ውጤት ሲመጣ ኪኒንም አብሮ መጣ። በቀን አንድ፣ ዕድሜ ልክ። መድኃኒቱ የሚመጣው በእያንዳንዱ ታማሚ ስም ስለሆነ ትርፍ የሚባል ነገር የለውም።

ሆዳን በየወሩ እየመጣች ደም ትሰጠኛለች። በየወሩ ነጩ እየሳሳ ሄደ። ከዕለታት አንድ ቀን ቀዩ ብቻ ረጋ ብሎ ተንጣሎ አየሁት። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ እሷኑ ጠርቼ ሌንሱ ላይ አስጎነበስኳት።

“ይሄ ሁሉ የኔ ነው?” አለች።

“ያንቺው ነው።”

“ወላሂ ያምራል አባዮ” አለችና ብዙ ቆየች። አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እህት አየኋት።

እየቆየ ነጩ ተመልሶ መምጣት ጀመረ። መጀመሪያ የማሽኑ ስህተት ነው ብዬ ደገምኩት። በሚቀጥለው ወር ብሶ መጣ። ሐኪሟ፣ “በሽታው መድኃኒቱን ለምዶት ይሆናል። ሌላው መድኃኒት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም” አለኝ። እንዲህ ከሆነ ሆዳን ታልቃለች ማለት ነው። መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ ከመወሰኑ በፊት እስኪ ላናግራት ብዬ ለመንኩት።

“ኪኒኑን ትውጫለሽ?” አልኳት።

“እውጣለሁ።”

“በየቀኑ?”

“በየቀኑ።”

“ሙሉውን?”

ትከሻዋ ላይ ያለውን ነጠላ አስተካከለች። “አብዲም ታሟል” አለች። “በቢላ ለሁለት እከፍለዋለሁ።”

ተቆጣሁ። የኔ ቁጣ ካርድ ክፍል ድረስ ይሰማል። “ያንቺ መድኃኒት እኮ ነው! በስምሽ ነው የመጣው!”

“ስሜን ማን ጠየቀ አባዮ? ስወድቅ የተሸከመኝ እሱ ነው። ሆዱ የኔን ሆድ ነው የሚመስለው። እሱ ፊቴ ተቀምጦ እያየኝ ብቻዬን ልዋጥ?”

እሷ ባደገችበት ቤት ሰው አጠገብ ተቀምጦ እያለ ወተት ብቻውን የሚጠጣ የለም። ለኪኒን ሌላ ደንብ እንዳለ ማን ነገራት? እኛ የነገርናት በቀን አንድ ዋጪ ብለን ብቻ ነው።

“በይ አብዲን አምጪልኝ” አልኳት።

አብዲ መጣ። ከስቷል፣ ሆዱ በግራ በኩል ተወጥሯል፤ እውነትም የእሷን ይመስላል። “ዶክተር፣ እኔም ያው ነኝ” አለኝ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ለእሱ ዶክተር ነው። ደሙን ቀብቼ አየሁት። መስኩ ከነጭ ሴል ባዶ ነበር። ነጩን ፍለጋ ስላይዱን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ፤ ሰው የለቀቀው መንደር ውስጥ የምሄድ መሰለኝ። ይህ የሆዳን በሽታ ሳይሆን ተቃራኒው ነው።

“ወዴት ወዴት ትነዳለህ?” አልኩት።

“ዝናብ ሲዘንብ ወደ ታች ወደ ቆላው እጭናለሁ። መኪናውን ጭቃ ከያዘው ኩይሳ ሥር እተኛለሁ።”

ካላዛር የምታስተላልፈው አሸዋ ዝንብ የምትውለው እዚያ ነው፤ በሽታው ጣፊያ ያሳብጣል፣ የደም ሴልንም ያሟጥጣል። ለካላዛር ስንመረምረው ተገኘበት። በመርፌ የሚድን በሽታ ነው። የሆዳን ኪኒን ግን ቀድሞም የተሟጠጠውን ደሙን ይባስ አውርዶት ነበር። እሷ ከዕድሜዋ ቆርሳ የሰጠችው ነገር እሱንም እየጎዳው ነበር። አስተኝተን መርፌውን ጀመርንለት፤ ዳነ። ዛሬም ወተት ይጭናል።

ይህን ለሆዳን የነገርኳት እኔ ነኝ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ቀልደኛ ናት። “እንኳን ደስ አለሽ፣ አብዲ ያንቺ በሽታ የለበትም” አልኳት። እንባዋ መጣ።

“በዚህ በሽታ ሁለት ነን ብዬ ነበር” አለችኝ።

ብዙ ዓመት ደም ሳይ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። የምታካፍለው ለእሱ ብላ ብቻ አልነበረም። ብቻዋን መታመም ከብዷት ነው።

ሙሉውን መዋጥ ጀመረች። መድኃኒቱ እንደገና ይስማማት እንደሆነ ማንም አያውቅም። በየወሩ ስላይዷን ሁለት ጊዜ እቆጥር ነበር። ወራት አልፈው ነጩ ወደ ኋላ ሲል ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። አቶ ታምራት ወደ ጡረታ የተጠጉበት ጊዜ ነበር፤ “ሌንሱን አታርጥቢው፤ የመንግሥት ነው” አሉኝ።

ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን የዚህ በሽታ ታማሚዎችን ቀጠሮ ሁሉ በአንድ ቀን አደረግነው። ከአውበሬ የምትመጣ ተማሪ አለች፤ ከደወሌ በድሬዳዋ ዞሮ የሚደርስ የጉምሩክ አስተላላፊ አለ። ሆዳን ወተት ታመጣለች። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ይዘው፣ “ዋጥክ?” “ዋጥሽ?” እየተባባሉ ይቀላለዳሉ። ሁሉም አልቆየልንም፤ ዘግይተው የሚመጡ ዛሬም ያመልጡናል። የሚቆዩት ግን ይበዛሉ።

ባለፈው ከጤና ቢሮ የመጣ ባለሙያ ወንበሩን አይቶ፣ “በሽታው እየተስፋፋ ነው እንዴ?” አለኝ።

“ድሮ የሆድ እብጠት ተብሎ የሚቀበረውን አሁን በስሙ እናውቀዋለን” አልኩት። “አምና የመጣውም ዘንድሮ አልሞተም። ወንበሩ የሞላው ለዚህ ነው።”

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች የማውቀውን ልንገራችሁ። ብርቅ በሽታ ለያዘው ሰው ለብቻው ቀጠሮ አትስጡት።